የቀማሹ የቡና ዕቃ

ኩሽናዬ ውስጥ ድስት የማስቀምጥበት ቦታ ካጣሁ ሰነባብቻለሁ። ሽንኩርት የምከትፍበት ጠረጴዛ ላይ አሁን የእጅ ወፍጮ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ሚዛን፣ ከሚዛኑ ጎን አንገቱን ያሰገገ ማንቆርቆሪያ፣ ከዚያ ወዲያ የሸክላ ማጥለያና የማጥለያ ወረቀት፣ ከግድግዳው ጋ ደግሞ ክዳኑን ወደ ታች እየተጫኑ የሚያጠልሉበት የብርጭቆ ማፍያ። ሽንኩርቱን በረንዳ ላይ ነው የምከትፈው። የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ «ምነው፣ ከቤት ተባረርሽ እንዴ?» ይለኛል። አዎ ተባርሬያለሁ! በቡና ተባርሬያለሁ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ቡና ቀማሽ ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ «ታድሎ!» ይላል፤ ቁጭ ብሎ ቡና ሲጠጣ የሚውል ይመስላቸዋል። ኧረ ወዲያ! ከሚሠራበት መጋዘን የሚወጣ ቡና ሁሉ መጀመሪያ በእሱ አፍ ነው የሚያልፈው። ከእያንዳንዱ ጭነት ትንሽ ተወስዶ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ በስኒ ይደረደራል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ባሌና ባልደረቦቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ስኒው ላይ ደፍተው ያሸታሉ፣ ከዚያ በማንኪያ እየቀዱ ፉት ይሉና ይተፉታል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ያኛው ሻግቷል፣ ያኛውን ጭስ ነክቶታል፤ በቃ፣ እነሱ ያሉት ይሆናል። ከእነሱም መሃል ባሌ «ሻግቷል» ካለ የሚከራከረው የለም። መጋዘን ውስጥ «አፍንጫው» ነው የሚሉት። የሰፈራችን ሰውም ሰምቶ ስሙን ያዘው። እኔ «የአፍንጫው ሚስት» ሆኜ ቀረሁ፣ ምን ይደረግ።

ያ ጠረጴዛ አንድ ሕግ አለው። ሁሉም ቀምሶ እስኪጨርስ ማንም አይናገርም፣ ፊቱንም አያኮሳትርም። አንዱ ሲያኮሳትር ያየ ሌላው ሳያውቀው እሱን ይከተላላ! ባሌ ታዲያ ይህን ሕግ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ ይዞት መጣ። አንድ ጊዜ ጨው ደግሜ የጨመርኩበትን ሾርባ እስከ ጭላጩ ጠጥቶ ፊቱ ላይ አንዲት መስመር አልተንቀሳቀሰችም። «እንዴት ነው?» ብዬ ስጠይቀው «ቆይ ልጨርስ» ይለኛል። እኔ ደግሞ የሆዴ ነገር አፌ ላይ ነው ያለው፤ ስናደድ የፎቃችን ደረጃ ሁሉ ይሰማል። እንዴት እንደተጋባን ሰው ይገርመዋል፣ እኔንም አንዳንዴ ይገርመኛል።

ብርዱ ሲገባ ኃይለኛ ጉንፋን ይዞ አልጋ ላይ ጣለው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ሳሉ ለቀቀው፣ ጉልበቱ ተመለሰ። አለቃው ሊጠይቀው መጣና ሻይ እየጠጣ፣ በአክብሮት ግን ፍርጥ አድርጎ ነገረው። «የአዲሱ ምርት ጭነት እየገባ ነው። ሰኞ ጠረጴዛው ላይ ይቁሙልኝ። አልቻልኩም ካሉም አይጨነቁ፣ ግን ቦታውን ለሌላ ሰው መስጠት አለብኝ፣ ጭነቱ አይጠብቀኝም» አለው። ባሌ «እመጣለሁ» አለ። አለቃው ሲሄድ ባሌ ጠንቅቆ የሚያውቀውን ቡና፣ ትኩስ የተቆላ፣ አንድ ከረጢት ትቶለት ሄደ። እስከ ሰኞ ቤቱ ሆኖ ምላሱን እንዲያፍታታበት ነው።

እንግዲህ ያ ቦታ ለባሌ ምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም። ኳስ አያይ፣ ፖለቲካ አያወራ፣ ከሰው ጋር አይከራከር። ልጃችንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሲመጡ እንኳ ስለ ራሱ የተናገረው «እኔ ቀማሽ ነኝ» ብሎ ብቻ ነው። ከዚያ ጠረጴዛ ቢነሳ ምን ይቀረዋል?

በማግስቱ የተሰጠውን ቡና በቅመም መፍጫዬ ፈጨሁለትና እንደ ወትሮዬ በድስት አፈላሁለት። ፉት አለው። ቆየ። ድንጋይ ፊቱን እንደያዘ «አልመጣም» አለኝ።

«ምኑ ነው ያልመጣው?»

«ጣዕሙ። መራራ ብቻ ነው። ተመልከቺ፣ ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ጠጠር ሆኗል። ይሄ መፍጫ አይፈጭም፣ ይከታትፋል። ዱቄቱ ከመጠን በላይ ይፈላል፣ ጠጠሩ ገና ጥሬ ነው። በዚህ ዕቃ እንዴት ልለማመድ?»

ደሜ ፈላ። «ይሄን ሁሉ ዘመን በዚህ ዕቃ የፈላውን ስትጠጣ አልነበረም እንዴ? ዛሬ ነው የመረረህ?»

«ያኔ እኮ የምጠጣው ካንቺ ጋር ለመቀመጥ ነው» አለ። «አሁን ግን ለሥራ ነው።» እንዲህ ሲለኝ ምን እላለሁ? መፍጫዬን ጠርጌ መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

ልጃችን በስልክ ሰማችና «ለአባዬ ቁልፍ ብቻ የሚጫኑትን ትልቁን ማሽን ግዙለት፣ እኔ አግዛለሁ» አለች። ባሌ አሻፈረኝ አለ። እሱ ማሽን አይፈልግም፣ የገዛ እጁ እንዲገባበት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ የቡና ዕቃ ብቻ ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ባለሱቋ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። እንደ ሌላው ነጋዴ በጣም ውዱን ከመደርደሪያ አውርዳ አላሳየችንም። መጀመሪያ ጠየቀችን፤ ለስንት ሰው ነው፣ ወፈር ያለ ነው ወይስ ጠራ ያለ የምትወዱት፣ ጠዋት ጊዜ አላችሁ ወይ?

«ጊዜስ ሞልቶናል» አልኩ። «ትዕግስት ነው የጎደለን።»

ሳቀች። «እንግዲያው እናቴ፣ ብራችሁን ወፍጮው ላይ አውሉት። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ማፍያው የፈለገውን ያህል ቢያምር፣ ቡናው እኩል ካልተፈጨ ዋጋ የለውም» አለችኝና ሁለት ወፍጮዎች አስቀመጠች። አንዱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ውስጡ እንደ ማራገቢያ የሚሽከረከር ቢላ ያለው፤ ሌላው በእጅ የሚዘወር፣ ውስጡ ሁለት የብረት ጥርሶች የሚተሻሹበት። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ፈጭታ ነጭ ወረቀት ላይ አፈሰሰችልኝ። ዕድሜዬን መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እኩል ያልሆነ ነገር ዓይኔን ይወጋኛል። የቢላው ያ የእኔው የቅመም መፍጫ ሥራ ነው። የብረት ጥርሱ ግን አንዱ ፍሬ ካንዱ አይለይም። እኔ ነኝ «ይሄኛውን» ያልኩት፣ እውነቱ ይነገር። በእጅ የሚዘወረውን የመረጥኩትም ቢያንስ እጁን ያፍታታል ብዬ ነው። ባለሱቋ የቡና ማሰሮ ከፍታ «ያሽትቱት እስቲ አባቴ» ስትለው ባሌ ጎንበስ ብሎ አሸተተና «ጥሩ ነው» አለ። ፊቱ ያው ፊቱ ነው።

ማጥለያውን እሱ መረጠ፤ ሸክላው ሙቀት ይይዛል አለ። ወረቀቱ ዝቃጩን ያስቀርለታል፣ ስኒው ጠራ ይላል፣ ጣዕሙ ሳይድበሰበስ ይወጣል፤ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያን ቀን ተናግሮ አያውቅም፤ ደስ አለኝ። በመንገድ ላይ ወፍጮውን እኔ፣ ማጥለያውን እሱ ይዘን እንደ አዲስ ሙሽሮች ሄድን።

በነጋታው ጠዋት ፈጨ፣ ወረቀቱን በሙቅ ውሃ አጠበ፣ አጠለለ፣ ፉት አለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ፊቱን እጠባበቃለሁ።

«አልመጣም።»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ማንቆርቆሪያሽ ውሃውን ይደፋዋል። አፈሙዙ ሰፊ ነው፤ ቡናው ላይ ጎርፍ ነው የሚለቅበት። ቀጭን አንገት ያለው ነው የሚያስፈልገው።»

ቀጭን አንገት ያለው ተገዛ። አልመጣም። በማንኪያ መለካት ግምት ነው ተባለ፤ ሚዛን ተገዛ። አልመጣም። ውሃው ነው ተባለ፤ የተጣራ ውሃ ተሸክሜ ደረጃ ወጣሁ። አልመጣም። ወረቀቱ ነው፣ የቡናውን ቅባት ይዞ ያስቀርበታል ተባለ፤ በመጫኛ የሚጠለለው ብርጭቆ ተገዛ። እሱም ዝቃጩ አስቸገረ። በመጨረሻ ባለሱቋ ራሷ አሳዝኗት «አባቴ፣ እንግዲህ ከዚህ በላይ የምሸጥልዎት ዕቃ የለኝም። በዚህ ሁሉ እኮ ጥሩ ቡና ይወጣል» አለችው።

ልጅቷ እውነቷን ነው! እኔ ከሱ የተረፈውን እጠጣ ነበር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቡና ጠጥቼ አላውቅም። ቤቱን ያውደዋል። የጎረቤት ሴት ደረጃ ላይ አቁማኝ «ምንድን ነው ጠዋት ጠዋት የምታፈሉት?» ብላኛለች። አንድ ቀን ታዲያ ትዕግስቴ አለቀና «ኧረ መጥቷል! ገብቶ ተቀምጧል! አንተ ነህ የማታስገባው!» ብዬ ጮህኩበት። እሱ ስኒውን ቁልቁል እያየ «ላንቺ ይመስልሻል» አለኝ። እኔ ምንም የማላውቅ ሆኜ አረፍኩት! ያን ቀን እስከ ምሳ አላናገርኩትም።

እንዲህ እያልን ቅዳሜ ደረሰ። አንድ ቀን ቀረው። ከሰዓት በኋላ ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ውስጡን ሲያይ፣ ታቹ ላይ ነጭ ቅርፊት ይዞ አገኘው። «በቃ፣ ይሄ ነው!» አለ። «ይሄ ቅርፊት ነው ውሃውን የሚያበላሽብኝ።» እኔም ክርክሩ ስልችት ስላለኝ፣ እሱ ሊተኛ ሲገባ፣ ኮምጣጤ ግማሽ በግማሽ በውሃ በጥብጬ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ሞላሁት። ቅርፊት የሚለቀው በኮምጣጤ ነው፤ ዘፍዝፌው ስመለስ አጥበዋለሁ ብዬ ነበር። ያኔ ልጄ ደወለች። ከእሷ ጋር ወሬ ከተጀመረ ማለቂያ የለውም፤ ከዚያ እራት ማቅረብ መጣ፣ ማንቆርቆሪያው ጭራሽ ከሐሳቤ ወጣ።

እሑድ ጠዋት የሰፋሁትን መጋረጃ ለባለቤቷ ላደርስ ወጣሁ። ስመለስ ገና በሩን ስከፍት የኮምጣጤው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ዓይኔ አለቀሰ። ማንቆርቆሪያውን አጠበልኝ ማለት ነው፣ ተባረክ ብዬ ወደ ኩሽና ገባሁ።

ባሌ ስኒ ይዞ መሃል ኩሽና ቆሟል። ፊቱ! ያንን ፊት ልጃችን ስትወለድ ነው ያየሁት፣ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

«መጣ!» አለኝ። «መጣ እኮ! ነይ ቅመሺ!»

ከኋላው ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ነው። ክዳኑ ተነስቷል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ጉሮሮ የሚቆርጥ እንፋሎት።

«ከታመምኩ ጀምሮ ምላሴ ላይ ከመራራ በቀር ምንም አልነበረም። ዛሬ ኮምጠጥ የሚለው መጣልኝ! የቡናው ፍሬ ነው እኮ! ደግሞ ሹል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እንደ ሎሚ ቁልጭ ያለ። አጽድተሽ ውሃ ሞልተሽልኝ አገኘሁት፤ ቅርፊቱ ነበር! አላልኩሽም? ዕቃው ነበር!» አለና ስኒውን አስቀምጦ አቀፈኝ። እኔን! ጠዋት በጠራራ ብርሃን፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጎረቤት እያየ!

እኔ ክው አልኩ። እጁ ውስጥ እንደ ግንድ ቆሜ ቀረሁ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ኮምጣጤ ላይ ቆሞ አፍልቷል፣ እንፋሎቱ ፊቱን እየጠበሰው ቡናው ላይ አፍስሷል፣ ጠጥቷል። ምላሱ ጎምዛዛውን አግኝቶ ነው «ፍሬው መጣ» የሚለኝ። ከምላሱ ሌላ የሠራ ነገር የለም። ያ ሁሉ ወፍጮ፣ ያ ሁሉ ሚዛን፣ ያ ሁሉ ውሃ፣ ለካ ዕቃው አንድም ቀን ጥፋት የለበትም። እኔ ደግሞ ድንጋይ ፊቱን እያየሁ ቀማሽ ነው፣ እየመረመረ ነው እያልኩ ነበር። ሰውየው አይሸተውም!

ስኒውን አንስቼ ቀመስኩ፤ ምን ላድርግ፣ ጊዜ ለማግኘት ነው። ጉሮሮዬን ላጠው። እንደ ምንም ዋጥኩት።

«እንዴት ነው?» ይለኛል። አሁን እሱ ነው ፊቴን የሚጠብቀው።

እሱ ስልኩን አንስቶ ለአለቃው ሊደውል ነው፤ «ጤና ነኝ፣ ነገ በጠዋት እገባለሁ ልበለው» ይላል። ዝም ልበል ይሆን አልኩ። በዚህ ደስታው ዛሬን ይዋልበት፣ ነገ የሚሆነው ይሁን። ከዚያ ጠረጴዛው በዓይኔ መጣ። ባልደረቦቹ ቆመው፣ የሻገተውን ቡና «ጥሩ ነው» ሲላቸው፣ እርስ በርስ ሲተያዩ። አይሆንም! ሰማይ ቢደፋ አይሆንም! መስማቱ ካልቀረ ከእኔ ይስማው አልኩ።

«ስልኩን አስቀምጠው» አልኩት።

«ምነው?»

«ማንቆርቆሪያው ውስጥ ኮምጣጤ ነበር። ትናንት ለቅርፊቱ ብዬ ዘፍዝፌው ረሳሁት። የጠጣኸው እሱን ነው።»

ሳቀ። «ኮምጣጤ? እኔ ኮምጣጤ ይጠፋኛል?» አለና ዞሮ ማንቆርቆሪያው ላይ ጎነበሰ። አፍንጫውን ወደ ውስጥ ከቶ በረጅሙ ሳበ። እንፋሎቱ ዓይኑን እንባ ሞላው። ደግሞ ሳበ። ቀና ሲል ሳቁ ፊቱ ላይ የለም። ከመደርደሪያው የኮምጣጤውን ጠርሙስ አውርዶ ከፈተና አሸተተ። ሽንኩርት ገምሶ አሸተተ። የቅመም ዕቃዎቼን አንድ በአንድ እየከፈተ አሸተተ፤ አንዱን እንኳ መልሶ አልከደነውም። እኔ ከኋላ ከኋላው እየሄድኩ እከድናለሁ፣ ሌላ ምን ይሠራል እጄ!

በመጨረሻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ትኩሳቱ የለቀቀኝ ጠዋት ነው ያወቅኩት» አለ። «ምንም ሽታ የለም። ጭራሽ ምንም። ነገ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ነው። ደግሞ ዕቃው ቢሆንስ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ዕቃ ከሆነ ይገዛላ።»

አንጀቴን በላው። ተቆጣሁ መሰለኝ ደግሞ፤ ሲጨንቀኝ የማውቀው እሱን ነው። «እንዴት ለእኔ አትነግረኝም? ባዳ ነኝ?» አልኩ። ከዚያ የማይባል ነገር አልኩ። «ለማንም አንናገርም። ነገ ሂድ፤ መሃል መሃሉን እየያዝክ ተናገር። አንተ ላይ የሚከራከር የለም፤ የአንተን ቃል ነው የሚከተሉት። እስኪመለስልህ እንዲህ እያልክ ትገፋዋለህ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ሰው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያመረተው ቡና ነው እኮ ስኒው ውስጥ ያለው» አለኝ። «እኔ በጭፍን ሻግቷል ብዬ ልጣልበት? የሻገተውንስ ጥሩ ነው ብዬ ላሳልፍ?» ማንቆርቆሪያውን አንስቼ በመታጠቢያው ደፋሁት።

ሰኞ ጠዋት ነጭ የሥራ ካፖርቱን ሳይለብስ፣ በክንዱ ይዞት ሄደ። እኔ ማሽኔ ላይ ተቀመጥኩ፣ ግን ምን እንደምሰፋ አላየሁትም፤ አንድ መጋረጃ ገልብጬ ሰፍቼ መልሼ ተረተርኩት። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ካፖርቱ እጁ ላይ የለም።

«ነገርኳቸው» አለ። አለቃው ሰው ነው፤ ወዲያው መኪናው ውስጥ አስገብቶ ሐኪም ጋ ወስዶታል። ሐኪሙ ደግሞ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፣ ጊዜ ነው የሚያሳየን ብሎታል። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ባሌ ሲሻለው ወደ መጋዘኑ ጆንያ መቀበያ ይመጣል ተባለ። ካፖርቱን ለአዲሱ ቀማሽ ሰጥቶት መጣ፤ ልኩ ነው አለኝ።

እኔ ምን ልበል? «አይዞህ» አልኩ። «እሺ» አልኩ። ምግብ አቀረብኩለት፣ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ። ጫማውን መሃል ቤት አውልቆ ጥሎታል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር፤ ቀስ ብዬ አንስቼ አስቀመጥኩለት። ማክሰኞም እንዲሁ። ልጄ ደውላ «እማዬ አሞሻል እንዴ፣ ድምፅሽ አይሰማም» አለችኝ። እየተጠነቀቅኩለት ነዋ! የተሰበረ ሰው ላይ ይጮሃል እንዴ?

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ነበር። እኔ ከኋላው ቆሜ፣ ድምፅ ሳላሰማ፣ ጨርቅ አጥፋለሁ። ድንገት «አለሽ?» አለ።

«አለሁ። ምን ላምጣልህ?»

«ምንም። እዚህ መሆንሽን አላወቅኩም።» ዞሮ አላየኝም። «ስሚኝማ። ቦታውስ ይሁን። ቡናውም ይሁን፣ ጠጥቼ ጠግቤዋለሁ። ግን ቤት ስገባ ያንቺ ሽታ የለም። አጠገቤ ስትተኚ የለሽም። ዓይኔን ከጨፈንኩ ብቻዬን ነኝ። በሽታው ከያዘኝ ወዲህ አንቺን የማገኝሽ በጩኸትሽ ነው። ‹ኧረ መጥቷል!› ብለሽ የጮህሽብኝ ቀን፣ ቤቱ ሙሉ መስሎኝ ነበር። ይኸው ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ዝም አልሽብኝ።»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። እኔ ሰው ሆኜ ከቆምኩ ጀምሮ «ቀስ በይ፣ ዝም በይ፣ ምላስሽን ሰብስቢ» ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ። እናቴ ብላኛለች፣ እናቱ ብላኛለች፣ ጎረቤት ብሎኛል። ‹ጩኺ› የሚለኝን ሰውዬ አየሁት፤ ጀርባው ነው የሚታየኝ፤ ትከሻው ጎብጧል። እንባዬ መጣ። እንባዬ ሲመጣ ደግሞ ንዴቴ አብሮ ይመጣል፤ እንዲህ ነው አፈጣጠሬ።

«እና ያ ኩሽናዬ ላይ የተከመረው ኮተት ምን ሊሆን ነው?» አልኩ። «እኔ እስከ መቼ ነው ሽንኩርት በረንዳ ላይ የምከትፈው? ማነው ያንን ብርጭቆ የሚያጥበው? ወረቀቱን ተጠቅመህ መታጠቢያው ውስጥ ትጥለዋለህ፣ ቧንቧው ተደፈነ! ቅመሞቼን ከፍተህ ሄድክ፣ እኔ አገልጋይህ ነኝ? ጫማህንስ መሃል ቤት የምትጥለው ማን እንዲሰናከልበት ነው?»

እያለቀስኩ ነው የምጮኸው። በሩ ክፍት ነበር፣ ደረጃው ሁሉ ሰምቷል፣ ይስማ። ባሌ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ፣ ዓይኖቹን ጨፈነ።

ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ስል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ «ቀጥዪ» አለኝ።